በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር፦ ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ቤት ስለ ማደስ

ቤቱን በማደስ ላይ ያለ ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ወሬ «በግማሽ ዋጋ አገኘሁት» የሚለው ነው። እንግዳ በመጣበት ጊዜ በሩን፣ የወለሉን ሴራሚክ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን፣ የመታጠቢያውን ቧንቧ ሳይቀር እየዞረ ያሳያል፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ ልክ እንደ ልጆቹ ስም በቃሉ ይጠራል። እኛም «እሰይ፣ እንኳን ቀናህ» እንለዋለን። የቀረውን ግማሽ ማን እንደ ከፈለው ግን እሱም አይነግረን፣ እኛም አንጠይቀው።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው። ዋጋው ወደቀ ስንል በማን ላይ ወደቀ? ዕቃን በርካሽ መግዛት ብልህነት ብቻ ነው ወይስ በሌላው ሰው ጉዳት መጠቀም የሚሆንበት ጊዜ አለ? ጉዳዩ ተራ የገበያ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኞቻችን በዕድሜያችን ሙሉ ሰው የመግደልና ያለመግደል ፈተና አይገጥመንም፤ የመግዛትና ያለመግዛት ፈተና ግን በየሳምንቱ ይገጥመናል። ስለዚህ ስለ በጎነት ስንነጋገር ገበያውን ከደጅ ትተን መግባት አንችልም።

እኛ የምንኖረው በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው። እዚህ አካባቢ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን የገዙት አዲስ ቤት ሳይሆን ዕድሜው አርባም ስልሳም ዓመት የሆነውን ነው፤ አዲሱ ከአቅም በላይ ነውና። አሮጌ ቤት ደግሞ በተገዛ ማግስት ገንዘብ መጠየቅ ይጀምራል። ጣሪያው ተሠራ ሲባል ወለሉ ይነሣል፤ ወለሉ አለቀ ሲባል የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይፈነዳል። ሰው ሁሉ ወደ ሊኩዊዴሽን መደብር የሚያቀናው በዚህ ጊዜ ነው። ቃሉ በሕግ አማርኛ ሒሳብ ማጣራት ማለት ነው፤ በተለምዶ ግን ብዙ ዓይነት ነገር በአንድ ስም ይጠራበታል። ከስሮ የሚዘጋ ሱቅ የሚያደርገው የመጨረሻ ሽያጭ ሊኩዊዴሽን ይባላል። ከሌሎች ፋብሪካዎችና መደብሮች የተረፈውን፣ የተመለሰውን፣ ካርቶኑ የተቀደደውን፣ መሠራቱ የቆመውን ዕቃ ሰብስቦ የሚሸጥ መጋዘንም በዚሁ ስም ይጠራል። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ በርና መስኮት የሚሸጥበትንም ብዙ ሰው ከእነዚሁ ጋር ይደምረዋል። በኅሊና ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም።

በመጀመሪያው እንጀምር። አንድ ድርጅት ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ጉዳዩ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አሁን የሚሠራበት የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ የወጣው በ1978 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በሕጉ ምዕራፍ 11 የገባ ድርጅት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ሥራውን እንዲቀጥል ዕድል ያገኛል፤ በምዕራፍ 7 የገባ ግን ንብረቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል። በምዕራፍ 11 ገብተው መዳን ስላቃታቸው ዕቃቸውን ሸጠው የሚዘጉም አሉ። ሽያጩን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው ባለሱቅ ሳይሆን ሥራው ይኸው የሆነ አጣሪ ኩባንያ ነው።

ይህ አጣሪ ለማንም የሚያዝን አይደለም፤ ለገዢውም ጭምር። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዕቃውን ፋብሪካው ወዳወጣለት ከፍተኛ ዋጋ መመለስ ነው፤ ቅናሹ የሚታሰበው ከዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ፋብሪካው 100 ዶላር ብሎት ሱቁ በ80 ዶላር ይሸጠው የነበረ ቧንቧ «10 በመቶ ቅናሽ» የሚል ቀይ ወረቀት ሲለጠፍበት 90 ዶላር ይሆናል። ሰው ወረቀቱን አይቶ ይሻማል። ቅናሹ በእውነት ቅናሽ የሚሆነው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀረው ማጠፊያ የሌለው በር፣ ክዳን የሌለው የሽንት ቤት መቀመጫ፣ መያዣው የጠፋ መሳቢያ ነው። የተገዛ አይመለስም፤ እንመልስ ብንል እንኳ ሱቁ በሚቀጥለው ወር በቦታው አይኖርም። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን፣ የዘወትሩን ዋጋ በሌላ መደብር አይተን፣ የቤቱን ልክ ለክተን በወረቀት ይዘን መሄድ ይገባናል።

ስለ ሴራሚክ ደግሞ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ፤ በዚህ ብዙ ሰው ሲቸገር አይተናልና። ርዝመቱ 12፣ ስፋቱ 10 ጫማ የሆነ ወጥ ቤት 120 ካሬ ጫማ ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው አንድ ዐሥረኛ ሲጨመርበት 132 ይሆናል። አንዱ ካርቶን 15 ካሬ ጫማ የሚሸፍን ከሆነ ዘጠኝ ካርቶን ያስፈልጋል ማለት ነው። በማጣሪያ ሽያጭ ላይ የቀረው ሰባት ከሆነ ሰባቱን በግማሽ ዋጋ መግዛት ማትረፍ አይደለም። የቀረውን ሁለት ካርቶን ከሌላ ቦታ ቢያገኙት እንኳ በሌላ ጊዜ የተጋገረ ስለ ሆነ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ያ ትንሽ ልዩነት ደግሞ ምድጃው አጠገብ በየቀኑ ዐይን ይወጋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በእንዲህ ያለው ሽያጭ ላይ የምንከፍለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? በመያዣ ያበደረው ባንክ በመያዣው ላይ ይቀድማል። የፍርድ ቤቱ ሥራ፣ የጠበቆቹና የአጣሪው ወጪ ይከተላል። ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ሕጉ በወሰነው ልክ ቅድሚያ አለው። ዕቃውን በዱቤ ያቀረበው አነስተኛ ነጋዴ ግን ከኋላ ተሰልፎ ይቆማል፤ ተራው ሲደርስ ብዙ ጊዜ ካዝናው ባዶ ነው።

አባቶቻችን «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በዚህ ተረት ተነሥተው፣ ከስሮ በሚዘጋ ሱቅ ተሰልፎ መግዛት በወደቀው ላይ ምሳር ማንሣት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ስሜት አለው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው የሚሄድ አይመስለንም። ዛፉን የጣለው ገዢው አይደለም። ገዢ ባይመጣ ዕቃው ይብስ ይረክሳል፤ የሚከፋፈለው ገንዘብ ያንሳል፤ ከኋላ የተሰለፈው ነጋዴም ፈጽሞ ምንም አያገኝም። ገዢ ሲበዛ ግን ዋጋው በመጠኑም ቢሆን ይቆማል። ስለዚህ በኪሳራ ሽያጭ መግዛት በራሱ በደል አይደለም ብለን እናምናለን።

ምሳሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። በዚያ ሱቅ ውስጥ ቀይ ወረቀቱን የሚለጥፈው ሠራተኛ መደርደሪያው ባዶ በሆነ ቀን እሱም ሥራ የሚያጣ ሰው ነው። የልጆች መጫወቻ ይሸጥ የነበረው ቶይስ አር አስ በ2018 በአሜሪካ ያሉትን መደብሮቹን ሲዘጋ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል፤ የስንብት ክፍያም አልተሰጣቸውም ነበር። ብዙ ከጮኹ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከባለንብረቶቹ ሁለቱ ኩባንያዎች 20 ሚሊዮን ዶላር የመረዳጃ ገንዘብ አወጡ። እስከ መጨረሻው ቀን ዕቃውን ሲሸጡ የነበሩት እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ባለው ሰው ፊት ቆሞ «ነገ ደግሞ ከዚህ ይረክሳል አይደል?» እያሉ መሳቅ፣ ካርቶኑን ቀዶ ጥሎ መሄድ፣ ዕቃው ስላልተገኘ መሳደብ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ሕግ አልጣሰም። ምሳር ግን ይዟል።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት መደብር ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። የተረፈ ዕቃ የሚሸጥ መደብር ሥራው የተመሰገነ ነው። ፋብሪካው አብዝቶ የሠራውን፣ ትልቁ መደብር ቦታ ስለ ጠበበው ያወጣውን ዕቃ ገዝቶ በትንሽ ትርፍ ይሸጣል። ሻጩ ቦታ ያገኛል፤ ገዢው ገንዘብ ያተርፋል፤ ዕቃውም ከቆሻሻ ክምር ይድናል። ትራፊ ግን የሚያልቅ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ርካሽ ወለል በየከተማው፣ በየቅርንጫፉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያልቅ የሚገኝ ከሆነ እሱ ትራፊ አይደለም፤ ርካሽ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ከምን ተቀንሶ ረከሰ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል።

የዚህ ምሳሌ ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለው የእንጨት ወለል ድርጅት ታሪክ ነው። ቶም ሱሊቫን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ ሲጀምረው ሌሎች ያልፈለጉትን ትርፍ ጣውላ ገዝቶ ይሸጥ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። እያደገ ሲሄድ ግን ወለሉን በቀጥታ ከፋብሪካዎች፣ ብዙውንም ከቻይና፣ እያዘዘ ማስመጣት ጀመረ። ስሙ እንደ ትራፊ ሻጭ ቀረ፤ ሥራው ግን ሌላ ሆኗል። በማርች 2015 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ድርጅቱ ከቻይና የሚያስመጣው ላሚኔት ወለል ካሊፎርኒያ ከወሰነችው ልክ በላይ ፎርማልዴሃይድ እንዳለበት በምርመራ ደርሼበታለሁ ሲል ገለጸ። ድርጅቱ የምርመራውን አሠራር ቢቃወምም በሜይ ወር ያንን ወለል መሸጥ አቆመ።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባ በአጭሩ እንበል። ላሚኔት ማለት የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ፣ በላዩ የእንጨት ሥዕል ያለበት ወረቀት የተለበጠበት ነው። ፎርማልዴሃይድ ያለው በሙጫው ውስጥ ነው፤ ከሙጫውም እየተነነ ወደ ክፍሉ አየር ይገባል። ዐይን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። እንግዲህ ከወለሉ ዋጋ የተቀነሰችው ገንዘብ የተቀነሰችው ከሙጫው ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው በወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን ነው።

ሌላም ከፋይ ነበረ። በ1900 የወጣው፣ በ2008 ደግሞ እንጨትን እንዲጨምር የተሻሻለው የሌሲ ሕግ፣ በሌላ አገር በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠ እንጨት ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለክላል። ይኸው ድርጅት በ2015 በዚህ ሕግ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይም በድምሩ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። ከእንጨቱ ከፊሉ ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ደን የተቆረጠ ኦክ የተባለ ጠንካራ ዛፍ ነበር፤ ያ ደን በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀሩት የሳይቤሪያ ነብሮች መኖሪያ ነው። በሜሪላንድ አንድ ሳሎን የረከሰው በዚያ ደን ዋጋ ነበር ማለት ነው። ቆይቶም ወለሉን የገዙ ሰዎች በጋራ ከስሰው 36 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ሲደረግ፣ ከካሣው 14 ሚሊዮኑ በገንዘብ ሳይሆን ከዚያው መደብር ዕቃ በሚገዛበት ኩፖን እንዲሰጥ ሆነ። ድርጅቱ ስሙን ኤል ኤል ፍሎሪንግ ብሎ ከለወጠ በኋላ በኦገስት 2024 በምዕራፍ 11 ገባ፤ ዕቃውንም በማጣሪያ ሽያጭ ማውጣት ጀመረ። ከመደብሮቹ 219ኙን የገዛው የመሥራቹ የሱሊቫን ኩባንያ ነው። አጣሪ ተብሎ የተሰየመው በመጨረሻ ራሱ ተጣራ።

ስለ አንድ ድርጅት ይህን ያህል የተናገርነው በርካሽ የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም ማንም የማይጎዳበት ርካሽ ነገር ብዙ አለ። በቀለም መደብሮች አንድ ደንበኛ አስበጥብጦ «የፈለግሁት ይህን አይደለም» ብሎ የተወው ቀለም በትንሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ቀለሙ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ለሌላው ሰው ሳሎን አለመስማማቱ ብቻ ነው። ከፈረሱ ወይም ከታደሱ ቤቶች የወጣ ዕቃም እንዲሁ ነው። ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለው የቤት ሠሪ ማኅበር የመጀመሪያውን ሪስቶር በ1991 በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ከፈተ፤ ሰዎች በስጦታ ያመጡት በር፣ ቁም ሳጥንና መብራት ተሸጦ ገንዘቡ ቤት ለሌላቸው ቤት መሥሪያ ይውላል። በእኛም ሠፈር በሜሪላንድ ኤድመንስተን በ2005 ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት የተባለ እንዲህ ያለ መጋዘን ተቋቁሟል። ወላጆቻችን በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌው በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ያዩ ናቸውና፣ ሌላው የጣለውን አንሥቶ መሥራት ለእኛ ነውር ሊሆን አይችልም።

በዚህም ቢሆን ዐይንን መክፈት ያስፈልጋል። በአሜሪካ በእርሳስ የተሠራ ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ያማረ አሮጌ በር ሲፋቅ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። ከ1994 በፊት የተሠራ የሽንት ቤት መቀመጫ በአንድ ጊዜ 13 ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ያፈስሳል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ከ6 ሊትር አይበልጥም። በዐሥር ዶላር የተገዛው መቀመጫ ለዓመታት የውኃ ሒሳብ ያስከፍላል። የተጋገረ እንጨት የሚገዛ ሰው ደግሞ በካርቶኑ ላይ «ቲኤስሲኤ ታይትል 6» የሚል ምልክት ይፈልግ፤ ከ2018 ጀምሮ በአገሪቱ በሙሉ የሚሠራውን የፎርማልዴሃይድ ልክ የጠበቀ መሆኑን የሚያመለክተው እሱ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ዕቃውን አሳምሮ ስለሚያውቅ ሻጭ ነው። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ባያውቅስ? ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ስኬቮላ ይተርካል። ስኬቮላ መሬት ሊገዛ ሄዶ ዋጋውን ቍርጥ አድርገህ ንገረኝ ይላል። ሻጩ ይነግረዋል። ስኬቮላም መሬቱ በእኔ ግምት ከዚህ ይበልጣል ብሎ 100,000 ሴስተርስ ጨምሮ ከፈለ። ሲሴሮ እንደሚለው ሰዎች ይህ የደግ ሰው ሥራ መሆኑን አይክዱም፤ የብልህ ሰው ሥራ ግን አይደለም ይላሉ። እሱ ደግሞ ደጉ ሌላ ብልሁ ሌላ የሚመስላቸውን ሰዎች አሳብ ትልቅ ጥፋት ይለዋል። አውግስጢኖስም ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ተዋናይ የሁላችሁንም ልብ አውቃለሁ ብሎ፣ በርካሽ ገዝታችሁ በውድ መሸጥ ትፈልጋላችሁ ሲል ሕዝቡ ሁሉ እንዳጨበጨበለት ያወራል። ነገር ግን፣ ይላል፣ መጽሐፍ ሊገዛ ቀርቦ ሻጩ ዋጋውን ሳያውቅ በትንሽ ሲጠይቀው ትክክለኛውን ዋጋ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። የተዋናዩ ንግግር ሁሉን ያቀፈ መስሎ ነበር፤ አንድ ሰው አፈረሰው።

በስብሰባችን ይህ ታሪክ ብዙ አከራክሮናል። «አጣሪ ኩባንያ ሲሳሳትም እንጨምርለት?» ብሎ የቀለደ ነበር። እኛ ግን የስኬቮላ ጥያቄ የሚመለከተው ሌላ ሻጭን ነው እንላለን። ባላቸው ሞቶባቸው ቤታቸውን የሚለቁ አሮጊት ጎረቤት በግቢያቸው ሣር ላይ ዕቃ ሲሸጡ፣ የአናጢነት መሣሪያውን ሙሉ ሣጥን በሃያ ዶላር ውሰዱ ቢሉን ምን እንላለን? እሳቸው ዋጋውን አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። መጽሐፈ ምሳሌ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ከሄደ በኋላ የሚኩራራውን ገዢ ያነሣል፤ እኛ ደግሞ ዝም ብሎ ወስዶ በመኪናው ውስጥ የሚስቀው ከእሱ ይሻላል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ሦስተኛም ሻጭ አለ፤ ዋጋውን የሚያውቅ፣ ነገር ግን እምቢ ማለት የማይችል። የወገናችን ሱቅ ሊዘጋ ነው እንበል፤ የቤት ዕቃና የመብራት ዕቃ ይሸጥ የነበረ ሰው ቍልፉን እስከ ዓርብ ድረስ ለባለሕንፃው ማስረከብ አለበት። ረቡዕ ማታ እንሄዳለን። «የመጨረሻው ስንት ነው?» እንላለን፤ ይቀንሳል። ዞር ብለን ወደ በሩ ስንሄድ እንደ ገና ይጠራናል። በአገራችን ባህል በዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሳይከራከሩ መግዛት ሻጩን መናቅ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ክርክር የሚሆነው ሁለቱም እምቢ ማለት ሲችሉ ነው። ዓርብን የሚፈራ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። በወረቀቱ ላይ የጻፈው ዋጋ አስቀድሞ የተሸነፈበት ዋጋ ነውና፣ ከዚያ በታች የሚወርደው ከትርፉ ሳይሆን ከልጆቹ ጕርሻ ነው።

ከዕቃው ሌላ ብዙ ሰው በሒሳብ የማይጽፈው አንድ ከፋይ ደግሞ አለ፤ ዕቃውን የሚገጥመው ሠራተኛ። ብዙዎቻችን ወለል የምናስነጥፈው በምናውቀው ልጅ፣ በዘመድ ወይም ከማኅበራችን በሆነ ወንድም ነው። ሥራው በቍርጥ ሁለት ቀን ተብሎ ይስማማል። ከዚያ በኋላ ከማጣሪያ ሽያጭ የተገዛው ወለል ሲከፈት ሦስቱ ካርቶን ተጣምሟል፤ ለጠርዙ የሚሆነው ዘንግ የለም፤ በሩ ያለ መቃኑ ተገዝቷል። ሠራተኛው እያቃና፣ እየቆረጠ፣ የጎደለውን በራሱ መኪና እየሄደ እያመጣ አራት ቀን ይፈጅበታል። ሲጨርስ ያንኑ የሁለት ቀን ገንዘብ ይቀበላል፤ ከዘመድ ጋር አይከራከርምና። ባለቤቱ ለእንግዶቹ «ወለሉን በግማሽ ዋጋ አገኘሁት» ሲል፣ ከዚያ ግማሽ ውስጥ የልጁ ሁለት ቀን እንዳለበት አላወቀም፤ ወይም አውቋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዕቃውን አስቀድሞ አሳይቶ ከዚያ በኋላ በዋጋ መስማማት። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን እምብዛም አላየንም።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ጕዳይ ስለ ምድር ቤት ነው። በዚህ አካባቢ ቤዝመንት የምንለው ምድር ቤት ለአዲስ መጤ ወገን የመጀመሪያ ማደሪያው ነው፤ የቤቱ ባለቤትም በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይደግፋል። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ በዚህ ክፉ ነገር የለም። ነገር ግን ቤቱ ሲታደስ ለላይኛው ፎቅ ምልክት ያለው፣ የተጠየቀበት፣ ዋጋ የወጣበት ወለል ይገዛል፤ ለታችኛው ደግሞ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ፣ ምልክት የሌለው፣ ሲከፈት የሚሸት ካርቶን። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ በክረምት አይከፈትም።

አንድ ወንድም «ተከራዩ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ የከፈለውን ያህል ያገኛል» ሲል ተከራከረ። አንዲት እህት ደግሞ «እሱ የመረጠው ኪራዩን ነው እንጂ አየሩን አይደለም፤ ማን ጠየቀው?» ስትል መለሰችለት። ወንድማችን መልስ አልነበረውም፤ ሌሎቻችንም ከላይ ስለ አጣሪውና ስለ ባንኩ ስናወራ የነበረው ድፍረት እዚህ ላይ ቀዘቀዘ፤ ከመካከላችን በወላጆቹ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል የሌለው ጥቂት ነውና። ተከራዩ ስለ ወለሉ አይጠይቅም፤ አከራዩም አይነግረውም። ከአውሮፕላን ከወረደ ሳምንት ያልሞላው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ይወርዳል፤ አዲስ የሚያበራ ወለል እንደ ተነጠፈለት ያያል፤ ባለቤቱንም ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል።